«ሐበሻ» ብዬ ስጽፍ «ሀበሻ»ን የማያገኝ ሰርች፦ እናንተ ምን እንዲስተካከል ትፈልጋላችሁ?

ጥለት_ሻጯ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሽሮ ሜዳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ከሱቋ ይልቅ ግን የምሸጠው በቻናሌ ነው። የአፑን ስም አልጠራም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ደውላ «የሐበሻ ቀሚስ መሸጥ አቆምሽ እንዴ?» አለችኝ። ኧረ በፍጹም! ጠዋት ነው ሦስት አዲስ ፖስት ያደረግኩት። ለካ እሷ ሰርች ያደረገችው «ሀበሻ» ብላ ነው፣ እኔ የጻፍኩት «ሐበሻ» ብዬ። ስልኬን አውጥቼ ስሞክረው «ሃበሻ» ብዬ የጻፍኩበት ቀንም አለ፣ እሱ ደግሞ ለብቻው ሌላ ውጤት ያመጣል። የገዛ ዕቃዬን ከገዛ ቻናሌ ማግኘት አቃተኝ። አሁን እያንዳንዱ ፎቶ ስር «ሐበሻ ሀበሻ ሃበሻ ቀሚስ» እያልኩ እደረድራለሁ፣ ለሚያየው ያበድኩ ነው የምመስለው። እና አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ ማለት ብትችሉ ምን ትሏቸዋላችሁ? የኔ ይሄው ነው፣ ድምፁ አንድ ከሆነ ያግኝልኝ።

ኮድ_በቡና፦
እህቴ፣ አላበድሽም። ለእኔና ላንቺ ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለስልኩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት መዝገብ ውስጥ ሲገባ፣ በፈረንጆቹ 1999 ማለት ነው፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ትክክልም ነበር። «ፀሐይ»ን ብትወስጂ ጸ ሁለት ዓይነት ነው፣ መሃል ላይ ያለው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። አንዲት ፀሐይ፣ 12 አጻጻፍ! መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሰው ሰርች ሲያደርግ ከጀርባ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መመለስ ነው። በእንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳይለይ ይፈልግ የለ? ያው ነው። እስካሁን ያልሠሩት ጠያቂ ስላጡ ይመስለኛል።

የድሮ_መምህር፦
ልጆች፣ መጀመሪያ በትክክል መጻፍ ብትማሩ አይሻልም? ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፣ ለፀሐይ ነው የሚባለው። በእሳቱ ሰ ከጻፍከው ሌባ ነው። አንድ ላይ ጨፍልቃችሁ ፀሐይዋን ሌባ ልታደርጓት ነው?

ኮድ_በቡና፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ግን እርስዎ የጻፉትን ማንም አይነካውም። የሚጨፈለቀው ፍለጋው ብቻ ነው፣ ጽሑፉ እንዳለ ይቀመጣል። ደንበኛዋም የፈለገችው ቀሚስ ነው እንጂ ሰዋስው አይደለም።

የድሮ_መምህር፦
እንዲያ ከሆነ ይሁን። የጻፍኩትን ግን እንዳታርሙብኝ።

ሓፍቲ_መቐለ፦
ቆይ ቆይ፣ እኛንም አስታውሱን። በትግርኛ ሀ እና ሐ ድምፃቸው ይለያያል፣ አ እና ዐም እንደዚሁ። «ሓወይ» (ወንድሜ) የሚለውን በሃሌታው ሃ ብትጽፉልኝ እናቴ ትስቅባችኋለች። ጸ እና ፀን፣ ሰ እና ሠን አንድ አድርጉ፣ ግድ የለኝም። የቀረውን ግን በቋንቋ ይለይልን። «የግዕዝ ፊደል ነው» ብለው ሁላችንንም አንድ ጆንያ ውስጥ እንዳይከቱን እፈራለሁ።

ኮድ_በቡና፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትሽን ነው። ቋንቋ መምረጫ ሊኖረው ይገባል።

ዱባይ_ነኝ፦
ፊደሉን ተዉትና የሰዓቱን ነገር ስሙኝ። ይቺው ጥለት ሻጯ «ላይቭ ማታ 2 ሰዓት» ብላ ለጠፈች። አብራኝ የምትኖረው ልጅ እዚህ ስላደገች የኛን ሰዓት አታውቅም፣ ስልኳ ላይ 2 ብላ አላርም ሞላች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቤቱን በሙሉ ቀሰቀሰችው! አራት ሴቶች በፒጃማ ተቀምጠን፣ ስልኩ ላይ ምንም የለም። ላይቩ እኮ በኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ አልቆ ነበር። ሰው በሀበሻ ሰዓት ሲጽፍ አፑ ለሚያነበው ሰው ባለበት አገር ሰዓት ቀይሮ ቢያሳይ ምን ነበረበት?

ጥለት_ሻጯ፦
ውይ እህቴን፣ በሞቴ ይቅር በይኝ! ከዛሬ ጀምሮ በሁለቱም እጽፋለሁ።

አጭር_ልጻፍ፦
ኤክስ ላይ 280 ፊደል ይፈቀዳል ሲሉ አምናችሁ ታውቃላችሁ? የኛ አንዱ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር የሚደርሰን 140 ነው። የስልክ መልዕክትም እንደዚያው፣ በእንግሊዝኛ 160፣ በአማርኛ 70። እኔ እኩል እንዲቆጠርልን ነው የምፈልገው።

ኮድ_በቡና፦
እሱ እንኳ ያን ያህል አያንገበግበኝም። «በ» ስትል አንድ ፊደል ነው፣ በላቲን ብትጽፈው ሁለት ይሆንብሃል። በ140 ብዙ ነገር ይባላል፣ ቻል አድርገው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦
የኔ ምኞት ቀላል ነው። ዋጋ ሳይጽፍ ፖስት የሚያደርግ ሻጭ አፑ ራሱ ይከልክልልኝ። ጥለት ሻጯ፣ ያ አረንጓዴ ጥለት ያለው የመነን ቀሚስ ስንት ነው?

ጥለት_ሻጯ፦
ሃሃሃ፣ በየትኛው ሃ እንደሳቅኩ አትጠይቀኝ። ኮድ በቡና፣ አንተ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አርቅቅልኝ፣ እኔ ስክሪንሾቶቹን እልካለሁ፣ ሓፍቲም የትግርኛውን ትጨምርበት። ቀሚሱን ደግሞ ወንድሜ፣ በውስጥ መስመር ና።