ደንብ መተላለፍ ወይስ ቀላል ወንጀል?

ባለጉዳይ፦ ሰላም ወገኖች። ወንድሜ ከጎረቤቱ ጋር ተገፋፍቶ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶታል። አንዱ «ደንብ መተላለፍ ነው፣ ከፍለህ ትወጣለህ» ሲለው ሌላው «የለም፣ ወንጀል ነው» ይለዋል። በምን ይታወቃል?

አንቀጽ ቆጣሪ፦ የሰውን ወሬ ተዉትና ክሱ ላይ የተጠቀሰውን አንቀጽ እዩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 865 አንቀጾች አሉት። ከ734 ጀምሮ ያሉት የደንብ መተላለፍ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ያለው ወንጀል ነው። ቅጣቱም ይለያያል፦ በደንብ መተላለፍ የሚታሰር ሰው በማረፊያ ቤት ከ1 ቀን እስከ 3 ወር ነው የሚቆየው፣ ሙከራውም አያስቀጣም። ቀላል እስራት ግን ከ10 ቀን ተነስቶ እስከ 3 ዓመት ይዘልቃል። «ቀላል» የሚለው ቃል ስንቱን አታሏል!

ባለጉዳይ፦ አሁን አየሁት፣ 560 ይላል።

ሰነድ ፈታሽ፦ እንግዲያው ወንጀል ነው፤ ጉዳት ሳያደርሱ ሰውን መግፋት ወይም መምታት እዚያ ውስጥ ይገባል። መቀጮው እስከ 300 ብር ነው፣ ነገሩ ከበድ ካለ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት። ሰንበር፣ እብጠት ወይም ቶሎ የሚያልፍ ሕመም እንደ አካል ጉዳት አይቆጠርም። ሐኪም ከዚያ ያለፈ ከጻፈ ግን ክሱ ወደ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 ሊያድግና እስከ 1 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። የሕክምና ማስረጃውን ሳያይ «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» እንዳይል።

ባለጉዳይ፦ ቢታረቁስ?

መዝገብ ቤት፦ 560ም 556 ንዑስ አንቀጽ 1ም በግል አቤቱታ፣ ማለትም ተበዳዩ ካመለከተ ብቻ፣ የሚታዩ ናቸው፤ ስለዚህ ዕርቅ ዋጋ አለው። ግን ሽማግሌ ፊት ተጨባብጦ መለያየት አይበቃም፤ ጎረቤቱ አቤቱታውን ማንሳቱን በጽሑፍ ፈርሞ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለችሎቱ ያቅርብ። ሌላም አለ፦ አቤቱታ የሚቀርበው ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀ በ3 ወር ውስጥ ነው። ቀኑን ቁጠሩ።

ሾፌሩ፦ ትራፊክ የሚጽፈው ክስስ ከየትኛው ይመደባል?

አንቀጽ ቆጣሪ፦ እሱ የራሱ የትራፊክ ደንብ አለው። እንደ ጥፋቱ እርከን ትከፍላለህ። ሰው ከተጎዳ ግን በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ስለሆነ በ559 ትጠየቃለህ፣ ከሞተ በ543። ያኔ የደንቡን መቀጮ መክፈልህ ከወንጀሉ ክስ አያድንህም።