እማዬን በባቡርና በታክሲ አዲስ አበባን ላሳያት ነው፤ መንገዱን የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ቀኑን ሙሉ በራይድ መዞር ከአቅሜ በላይ ነው። እሷም ባቡሩን ካልተሳፈርኩ ብላለች።

ሐሳቤ ከአያት ተሳፍረን ወደ ምኒልክ አደባባይ መሄድ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ ሌላኛውን ባቡር እዚያው ቆመን መጠበቅ እንችላለን። ጊዮርጊስን ትሳለማለች፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያን እናያለን። ከዚያ በታክሲ አራት ኪሎ፣ ቀስ እያልን በእግር ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሉሲ ጋ።

የጨነቀኝ ጉልበቷ ነው። ደረጃ የምትወርደው ጎኗን አዙራ፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ነው። በየደረጃው ቆም ትላለች፤ ከኋላ የሚገፋ ሰው ካለ ትደነግጣለች። የምኒልክ አደባባይ ጣቢያ ደግሞ ከመሬት በታች ነው። አሳንሰሩ ሰሞኑን ይሠራል? ካልሠራ አትክልት ተራ ወርደን ታክሲ ብንይዝ ይሻላል?

ሌላው እንጦጦ ማርያም ነው። እዚያ ሳትሳለም ብትመለስ በጣም ይከፋኛል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣው ታክሲ ሰልፉ የሚቀለው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ለሌላ ቀን ላድርገው ወይስ በአንድ ቀን ይደርሳል? አረጋዊ ይዞ የሄደ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።