አስቸኳይ፦ ፎክስፒ3 95 በመቶ፣ የሜቲል ምርመራው ግን 46 በመቶ! ሴሎቹን ልጣላቸው?

ሌሊት ተረኛ (ጠያቂ)፦
ዛሬ ማታ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ እባካችሁ። ከደም ለይቼ ያራባኋቸው ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች (ቲሬግ፤ ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች የሚያረግቡት) ሁለተኛ ሳምንታቸውን ጨርሰዋል። ከሰዓት በኋላ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሚለይ መሣሪያ) ሲታዩ 95 በመቶዎቹ የቲሬግ መለያ የሆነው ፕሮቲን ፎክስፒ3 ነበራቸው። አሁን ደግሞ ቲኤስዲአር የሚባለው፣ ፎክስፒ3 ጂን ላይ ያለው የቲሬግ መለያ ክልል ምርመራ መጣ፤ ቲሬግ ውስጥ ይህ ክልል ከሜቲል (ጂንን ዝም ከሚያሰኝ ኬሚካላዊ ምልክት) ነጻ መሆን ሲገባው፣ ነጻ የሆነው 46 በመቶ ብቻ ነው። ግማሹ ተራ ቲ ሴል ነው ማለት ነው? አይጦቹ ጨረር ወስደዋል። ነገ ጠዋት አይጡን የሚያጠቁ የሰው ደም ሴሎች፣ እነሱን እንዲያረግቡ ከታሰቡት ከነዚህ ቲሬጎች ጋር ይሰጧቸዋል። ግማሹ አጥቂ ከሆነ ማስታገሻ ብዬ ማባባሻ ልወጋ ነው።

ራፓ፦
ራፓማይሲን ይጨምሩ፣ 100 ናኖሞላር፤ ኤምቶር የተባለውን የሴል መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት ነው። አጥቂዎቹ ቲ ሴሎች ለመራባት ይህን መንገድ አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ ቲሬግ ግን ያለ እሱም ይገፋል። አረሙ ይደርቃል፣ ሰብሉ ይቀራል።

ሌሊት ተረኛ፦
ራፓማይሲን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለበት። ቲሬግን የሚያራባው ኢንተርሉኪን-2ም አለበት።

አንጋፋው፦
ልጆች፣ ከመሠረቱ እንነሣ። ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 ሲዲ25 የተባለውን የሴል ገጽ ፕሮቲን የተሸከሙ ቲ ሴሎች የጎደሉባቸው አይጦች ሰውነታቸው ራሱን በራሱ እንደሚያጠቃ አሳየ። ሜሪ ብራንካውና ፍሬድ ራምስዴል በ2001 ስከርፊ የተባሉትን በሽተኛ አይጦች መርምረው ጉድለቱን ፎክስፒ3 ጂን ላይ አገኙት። በሰው ሕፃናት ላይ አይፔክስ የሚባለው ከባድ ሕመም መንስኤም ይኸው ጂን ነው። ጂኑ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ የሚታመሙት ወንዶች ልጆች ናቸው። ሦስቱም በ2025 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ኖቤል ያስገኘ ሴል በአንድ ቁጥር ተደናግጦ አይጣልም።

ሳቂታ፦
ጋሼ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ አይጦቹ ጡረታ ይወጣሉ።

ተጠራጣሪው፦
እኔ የምጠይቀው በ95 በመቶው ለምን እንዳመኑ ነው። የሰው ተራ ቲ ሴል ሲነቃቃ ለጊዜው ፎክስፒ3 ያወጣል፤ ሲዲ25ም ያወጣል። ሴሎቹ በሲዲ3 እና በሲዲ28 እንክብሎች ተቀስቅሰው እንደሆነ ያ ቁጥር መንቃታቸውን እንጂ ማንነታቸውን አይናገርም። ሚዛኑ የማፈን ችሎታቸው ነው፤ ከአጥቂዎች ጋር ቀላቅለው መራባታቸውን ያግቱ እንደሆነ ይዩ።

ሌሊት ተረኛ፦
የማፈን ምርመራ ቀናት ይወስዳል፤ ያለኝ አንድ ሌሊት ነው! ስለያቸው ሲዲ4 ያላቸውን፣ ሲዲ25 የበዛባቸውን፣ ሲዲ127 ያነሰባቸውን ነው የወሰድኩት። የቲሬግ መለያዎች ናቸው፤ በሩ ጠባብ ነበር።

የታማሚ ወንድም፦
ከርዕሱ ስለወጣሁ ይቅርታ። ታላቅ ወንድሜ ኩላሊት ተተክሎለታል። እነዚህ ሴሎች መድኃኒቱን ያስቀራሉ ሲባል ሰምቶ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚወስደውን ታክሮሊመስ መዋጥ ትቷል። ልክ ነው?

ሴል ቆጣሪ፦
ልክ አይደለም! አሁኑኑ ለንቅለ ተከላ ሐኪሙ ይደውሉ። ሴሉን ያልወሰደ ሰው ቀርቶ በሙከራ የወሰዱትም መድኃኒታቸውን በአንድ ጊዜ አልጣሉም። ዋን ስተዲ በተባለውና በ2020 በታተመው የኩላሊት ጥናት ሴሎቹ የተሰጡት ከመድኃኒት ጋር ነው፤ ከተሳታፊዎቹ የተወሰኑት በክትትል ቀስ በቀስ ቀንሰው በታክሮሊመስ ብቻ ቀሩ። ያ እርሱ የተወው መድኃኒት ነው። ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ሲጀምር ሕመም ላይሰማው ይችላል።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። የደሙ ለጋሽ ወንድ ነው ወይስ ሴት? አንጋፋው ሳያስቡት መልሱን ተናግረዋል፤ ጂኑ ያለው ኤክስ ላይ ነው። የሴት ሴል ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ዝም እንዲል ተደርጓል፣ በእሱ ላይ ያለው ቲኤስዲአር ንጹህ ቲሬግ ውስጥም ቢሆን ሜቲል እንደለበሰ ይቀራል። ስለዚህ ከሴት የተወሰደ ንጹህ ቲሬግ 50 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ውጤቱ በ2 የሚባዛውም ለዚህ ነው። ሴት ከሆነች የእርስዎ 46 ወደ 92 ይሄዳል፣ ከፎክስፒ3ውም ጋር ይስማማል። ወንድ ከሆነ 46 ያው 46 ነው፤ አይወጉት።

ሌሊት ተረኛ፦
ቱቦው ላይ የለጋሽ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። መዝገቡ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው።

ሳቂታ፦
ሴሎቹን ስማቸውን ይጠይቋቸው።

ሴል ቆጣሪ፦
ሳቂታ ሳይቀልድ አልቀረም፣ ግን መጠየቅ ይቻላል። ከተረፈው ዲኤንኤ ላይ ኤስአርዋይ የተባለውን ጂን በፒሲአር ይፈልጉ፤ ዋይ ክሮሞዞም ላይ ብቻ ነው ያለው። በባይሰልፋይት (ለሜቲል ምርመራ ዲኤንኤን በሚለውጠው ኬሚካል) ያልታከመውን ዲኤንኤ ይጠቀሙ፤ የታወቀ ወንድ ናሙናም ጎን ለጎን ያስኪዱ፣ አለበለዚያ ባዶ ውጤት ሴትነት ይሁን የፒሲአሩ ብልሽት አይለይም። የባይሰልፋይቱ ሥራ ራሱም ይፈተሽ፤ ለውጡ ካልተሟላ ንጹሁ ክልል ሜቲል ያለበት መስሎ ይነበባል፣ ቁጥሩም ያለ ጥፋቱ ይወርዳል።

ተጠራጣሪው፦
92 ቢሆንም የተቀረው 8 በመቶ አይጥ ውስጥ ሊራባ ይችላል። ቲሬግ የማይሰጠው የአይጥ ቡድን ከሌለ ምንም አያረጋግጡም። እንክብሎቹንም በማግኔት ያውጧቸው፤ አብረው ከገቡ የሚቀሰቅሱት አጥቂዎቹን ነው።

ሌሊት ተረኛ፦
ቲሬግ የማይሰጠው ቡድን አለ። ፒሲአሩ ገብቷል።

የታማሚ ወንድም፦
ሐኪሙን አግኝተናል። መድኃኒቱን ዛሬ ማታ እንዲጀምር፣ ነገ ጠዋት ለክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና ለታክሮሊመስ መጠን ደም እንዲሰጥ አዘዋል። ወንድሜ ተቆጥቶኛል፣ ግን ውጧል።

አዲስ ገቢ፦
ሁሉንም መልስ አላነበብኩም። ራፓማይሲን ሞክረዋል?