ለእማዬ እግር የቱ ይሻላል? ካልሲው፣ የአየር ቡትሱ ወይስ የኤሌክትሪኩ?

ጠያቂዋ፣ ደብረ ማርቆስ
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ሱቅ ውስጥ ቆማ ነው የምትውለው። ማታ ማታ ሁለቱም እግሯ ያብጣል፣ ባቷ ላይም ደም ስሮቹ ተገታትረው ይታያሉ። ስኳርም አለባት። ውጭ ያለው ወንድሜ "አንዱን ምረጡና ልላክ" ብሏል፦ ጥብቅ ካልሲ፣ በአየር እየተነፋ እግር የሚጨምቅ ቡትስ፣ ወይም እግር የሚጫንበት የኤሌክትሪክ ዕቃ። የቱን ልበለው?

የፍኖተ ሰላሙ መምህር
ካልሲው! መብራት ጠፋ አልጠፋ አያሳስብሽም። እኔም ቆሜ ስለምውል አደርገዋለሁ። ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ እየላላ የሚሄደውን ነው የምልሽ። ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የሚጨምቅበት ግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ቀለል ያለው ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ታድርገው፣ ካበጠማ በኋላ ትግል ነው።

ፊዚዮ፣ ባሕር ዳር
ቆይ፣ ስኳር አለባት ብላለች እኮ! ማበጡ ብዙውን ጊዜ ደሙ ወደ ላይ አልመለስ ሲል ነው፣ እዚያ ላይ ካልሲ ይረዳል። ስኳር ግን ደም ወደ እግር የሚያወርደውንም ስር ሊያጠብ ይችላል፣ ያኔ መጭመቅ ጭራሽ ይጎዳል። ስትሄድ ባቷን ይዟት ስታርፍ የሚለቃት ከሆነ፣ ወይም እግሯ ከቀዘቀዘ ጠርጥሪ። ሐኪም የክንዷንና የቁርጭምጭሚቷን የደም ግፊት ለክቶ ያወዳድርላት፣ ስሜቷንም ይፈትሽ፤ የደነዘዘ እግር ካልሲ ሲያቆስለው እንኳ አይሰማውም።

ቡትሱ በብዛት ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ለተኛ ሰው ደም እንዳይረጋበት። ለምትንቀሳቀስ ሴት ቀዳሚ ምርጫ አይደለም። የኤሌክትሪኩ የባት ጡንቻን ያኮማትራል፣ እሱን ደግሞ የእግር መንገድ በነፃ ይሠራዋል። ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ለተገጠመለት ሰው ጭራሽ አይሆንም።

አንድ እግሯ ብቻ ድንገት አብጦ ከጋለና ካመማት ግን የምን ካልሲ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

የቢቸና ልጅ
በባዶ እግሯ ቀይ አፈር ረግጣ ነው ያደገችው? እኛ ጋ ዝሆኔ የሚሉት ከዚያ ይመጣል፣ ከእግር መዳፍ ጀምሮ ነው የሚያብጠው፣ ቆዳውም ይሻክራል። የሱ ሕክምና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው።

ጠያቂዋ
ኧረ የከተማ ልጅ ናት፣ ቆዳዋም ደህና ነው። ሰኞ ግፊቷን አስለካታለሁ። ካልሲው ከተፈቀደላት በጫማ ቁጥሯ ልዘዝ?

የፍኖተ ሰላሙ መምህር
አይ፣ የጫማ ቁጥር አይበቃም! ጠዋት ሳያብጥ የቁርጭምጭሚቷንና የባቷን ዙሪያ በሜትር ለኪና ላኪለት። ሁለት ጥንድ በይው፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ታደርጋለች። በየቀኑ ከተደረገ በ6 ወር ገደማ ይላላል።