የጉድጓድ ውሃ የጨረር ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ
በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ አንዲት ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ አባል ነኝ። አዲስ ያስቆፈርነውን የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ በመንግሥት ላብራቶሪ አስመርምረን «ጠቅላላ አልፋ 0.2፣ ጠቅላላ ቤታ 1.3 ቤኬሬል በሊትር» የሚል ውጤት ደርሶናል (አልፋና ቤታ የጨረር ዓይነቶች ናቸው፤ ቤኬሬል ደግሞ በሰከንድ አንድ የአቶም መፈራረስ ማለት የሆነ መለኪያ ነው)። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤታ ያስቀመጠው 1 ቤኬሬል ስለሆነ ከአባላቱ ገሚሱ ጉድጓዱ ይታሸግ እያሉ ነው። ናሙናውን የወሰድነው ፓምፑ እንደተነሳ በዘይት ጀሪካን ነበር። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ 1
ለማሸግ አይቸኩሉ። ለአልፋ 0.5፣ ለቤታ 1 ቤኬሬል በሊትር የተባሉት መጠኖች ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገውን ውሃ ከማያስፈልገው ለመለየት የተቀመጡ እንጂ ውሃው እንዳይጠጣ የሚከለክሉ ገደቦች አይደሉም። ከቤታው ውስጥ በመጀመሪያ የፖታሲየም 40 (በማንኛውም ፖታሲየም ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ጨረር አመንጪ ዓይነት) ድርሻ መቀነስ አለበት፤ ሰውነታችን የፖታሲየም መጠኑን ራሱ ስለሚያመጣጥን ይህ ድርሻ እንደ ሥጋት አይቆጠርም። አንድ ግራም ፖታሲየም ወደ 28 ቤኬሬል የሚጠጋ ቤታ ይሰጣል። በኬሚካል ምርመራው ወረቀት ላይ ፖታሲየም ስንት ይላል?

ጠያቂው
በሊትር 21 ሚሊ ግራም ይላል።

መልስ 1
እንግዲያው 0.59 ቤኬሬል ያህሉ የፖታሲየም ነው፤ የሚቀረው 0.71 ስለሆነ ከ1 በታች ነው።

መልስ 2
በቤታው ስሌት እስማማለሁ፤ በላብራቶሪ እንደሚሠራ ሰው ግን እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ያልጠየቀበት አልፋ ነው። ናሙናው በሳህን ላይ ተንኖ ሲደርቅ ጨው የበዛበት ውሃ ወፍራም ቅሪት ይተዋል፤ አልፋ ደግሞ ቀጭን ወረቀት እንኳ የማያልፍ በመሆኑ እዚያው ቅሪቱ ውስጥ ታፍኖ ስለሚቀር ቆጣሪው ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው መጠን ታስቦ እንደሆነና እንዳልሆነ ላብራቶሪውን ይጠይቁ። ናሙናውንም እንደገና ይውሰዱ፤ ፓምፑ በቱቦው ውስጥ የቆመውን ውሃ እስኪያስወጣ ከሠራ በኋላ፣ በዚያው ውሃ በታጠበ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ይቅዱ። አልፋ የሚያመነጩት ራዲየምና ዩራኒየም ከዕቃው ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቁ ናይትሪክ አሲድ የሚጨመረው በባለሙያ ነው። ከራዲየም የሚፈጠረው ራዶን ግን ጋዝ ስለሆነ፣ በ3.8 ቀንም በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ለእርሱ ምርመራ የሚሆነው ውሃ አሲድ በሌለበት ሌላ የመስታወት ጠርሙስ አረፋ ሳይቀር እስከ አፉ ተሞልቶ ወዲያው መላክ ይኖርበታል።

መልስ 3
በዚያው የኬሚካል ወረቀት ላይ ፍሎራይዱንም ይመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እርሱ ነውና፣ ከዚህ መጠን ካለፈ ኮሚቴው ከጨረሩ አስቀድሞ ሊወያይበት ይገባል።