የልብስ ሳሙና እቤት መሥራት ያዋጣል ወይ?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት! የሳሙና ዋጋ አልቀመስ ብሏል፣ ኦሞውም ያው ነው። ሁለት ተማሪ ልጆች አሉኝ፣ ዩኒፎርም ማጠብ አያልቅም። እቤት ሳሙና ሠርታችሁ የምታጥቡ ካላችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ኮስቲክ ሶዳና ዘይት ነው የሚሉት፣ መጠኑን ግን አንዷ በሾርባ ማንኪያ፣ ሌላዋ በቡና ሲኒ፣ ሌላው ዝም ብሎ በግምት። ደሞ ዘይቱስ ቢሆን መች ተገኘና? የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጠባብ በረንዳ አለችኝ።

ባለሳምቡሳዋ፦
እህቴ፣ ዘይት ከሱቅ ገዝተሽ ከሆነ እርሺው፣ በዚያው ብር ሳሙናውን ብትገዢ ይሻልሻል። የሚያዋጣው የተጠበሰበት ዘይት ካገኘሽ ነው። እኔ ሳምቡሳ ስለምሸጥ ይተርፈኛል። መጀመሪያ በጨርቅ አጥልዪው፣ ከዚያ ከውሃና ከትንሽ ጨው ጋር አፍልተሽ አሳድሪው። ጠዋት ቆሻሻው ከውሃው ጋር ታች ይቀራል፣ የሽንኩርቱ ሽታም ይቀንሳል።

ለ1 ኪሎ የሚረጋ ዘይት (ፓልም) 135 ግራም ኮስቲክና 350 ግራም ውሃ። ዘይቱንም መዝኚው፣ 1 ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ እንጂ ኪሎ አይሞላም። የሱፍ ዘይት ከሆነ ኮስቲኩን ወደ 130 አውርጂው። ግን ሱፍ ብቻውን ሳሙናው ልፍስፍስ ነው የሚለው፣ ቶሎም ይሸታል፤ ሞራ አቅልጠሽ ብትቀላቅዪበት ጠንከር ይላል። ኮስቲኩ በውሃ ሟሙቶ ለብ ሲል ዘይቱ ላይ አፍስሰሽ አጥሚት እስኪመስል ማማሰል ነው፣ ክንድ ይፈልጋል። ላስቲክ ያነጠፍሽበት ካርቶን ውስጥ ገልብጪው፣ ሲጠነክር በጓንት ቁረጪው፣ ከዚያ አየር የሚያገኝበት ቦታ 4 ሳምንት ይቆይ። ሳይደርስ ብታጥቢበት እጅሽን ነው የሚልጥሽ።

ቲቸር፦
መጠኑ ልክ ነው፣ ግን ዋናው ነገር ተረሳ። በአሉሚኒየም ዕቃ እንዳትሞክሪው! ብረት ድስት የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ይበላዋል፣ የሚወጣው ሃይድሮጂን ደግሞ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ስቴንለስ ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ተጠቀሚ። ሌላው፣ ኮስቲኩን ነው ውሃው ላይ ቀስ እያልሽ የምትጨምሪው። ውሃውን ኮስቲኩ ላይ ከደፋሽው ፈልቶ ፊትሽ ላይ ይረጫል። ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንም በራሱ በጣም ይግላል፣ እንፋሎቱም ጉሮሮ ይይዛል፣ ስለዚህ በረንዳሽ አሪፍ ናት። ጓንት፣ መነፅር፣ ረጅም እጅጌ። ቆዳሽን ከነካሽ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቢው፣ ኮምጣጤ ምናምን የሚሉሽን አትስሚ። የተረፈውን ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ እንዳታስቀምጪ፣ ልጆች አሉሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ «ቤት የተሠራ» የሚሉት ሌላ ነው። የተገዛ ሳሙና ፈቅፍቀው ዋሺንግ ሶዳና ቦራክስ ከሚባሉ የማጠቢያ ዱቄቶች ጋር ይደባልቁታል፣ ኮስቲክ አይነኩም። ርካሽ ነው፣ ግን ማሽን ላይ አልወደድኩትም። ውሃው ካልሲየም ከበዛበት ሳሙናው ልብሱ ላይ ይለጠፋል፣ ፎጣዬ ግራጫ ሆኖ ውሃ መምጠጥ አቆመ። በእጅ አሽቶ ደጋግሞ ለሚያለቀልቅ ይህን ያህል አያስቸግርም መሰለኝ።

የጎጃሟ እናት፦
ልጆቼ፣ እንዶድ የት ሄዶ ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ? የደረቀውን ፍሬ ወቅጦ፣ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ ማጠብ ነው። ጋቢና ነጠላ እንደ እሱ የሚያነጣ የለም፣ ጥበቡንም አይጎዳውም። ስትወቅጪ ግን አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ በማስነጠስ ነው የሚገልሽ። ወደ አፍም እንዳይገባ፣ መርዝ ነው።

ቲቸር፦
እውነትዎን ነው እማማ። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ ቀንድ አውጣ በሚያስተላልፈው የቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ምርምራቸውን የጀመሩት። ግን ዓሣም ይገድላል፣ እጣቢው ወንዝ ውስጥ ባይደፋ ጥሩ ነው።

የጀሞዋ፦
ኧረ ተባረኩ! እታች ችብስ የሚጠብስ ልጅ አለ፣ ዘይቱን ልለምነው ነው። ግን ጥቁር ብሏል፣ ይሆናል?

ባለሳምቡሳዋ፦
ይሆናል፣ ሳሙናው ቡናማ ይሆናል እንጂ። ለነጭ ሸሚዝ አልመክርሽም፣ ለዩኒፎርም ሱሪና ለካልሲ ግን ምንም አይልም። መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ሞክሪ፣ ሁሉንም እኩል አጋምሺው። ኮስቲኩን መርካቶ ኬሚካል የሚሸጡት ጋ ታገኛለሽ። የግራም ሚዛን ከሌለሽ ግን ከጎረቤት ተውሰሽ ካላመጣሽ እንዳትጀምሪ።