ስቲል ላይፍ ለግሩፕ ሾው ርዕስ ይሆናል ወይስ የተማሪ ልምምድ ይመስላል?

ሸራ_ወጣሪ፦
ሰላም ጓዶች፣ አምስት ሆነን ኤግዚቢሽን ልንሠራ ነው፣ ርዕሱን ስቲል ላይፍ (ፍራፍሬ፣ ጠርሙስ የመሳሰሉ ዕቃዎችን ደርድሮ መሣል) እናድርገው ስል ግማሾቹ ሳቁብኝ፣ ጠርሙስና ብርቱካን መደርደር አንደኛ ዓመት ላይ ቀረ አሉኝ። እኔ ግን ሰውየው በሌለበት ዕቃው ስለሱ ብዙ የሚያወራ ይመስለኛል። በዚህ ዘመን አሪፍ አድርገው የሠሩት እነማን ናቸው? ቪዲዮም ኢንስታሌሽንም (ክፍል ውስጥ ዕቃ በማዘጋጀት የሚሠራ ሥራ) ቢሆን ችግር የለውም

ጥላ_ሰብሳቢ፦
የሚስቁት ብዙ ስላላዩ ነው ባይ ነኝ 😄 ሳም ቴይለር-ጆንሰን በ2001 የሠራችውን ቪዲዮ ፈልገህ እየው። አንድ ሳህን ፍራፍሬ ነው፣ ስታየው የድሮ ሥዕል ይመስልሃል፣ ከዛ አራት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ሻጋታው ወርሶት እዛው ይሟሽሻል። ዋናው ነገር ግን ከጎኑ የተቀመጠችው ተራ የፕላስቲክ እስክሪብቶ ናት፣ ሁሉም ሲበሰብስ እሷ ንቅንቅ አትልም! ኦሪ ገርሽትም አለልህ፣ በ2006 ሮማን በክር አንጠልጥሎ በጥይት ሲፈነዳ በስሎው ሞሽን ቀርጾታል፣ አቀማመጡን የወሰደው ከስፔናዊው ሳንቼዝ ኮታን ነው፣ የ1600ዎቹ መጀመሪያ ሰዓሊ።

እሺ_ግን፦
እኔ አልስማማም፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ ራሱ ተበልቶበታል። ካራቫጆ እኮ 1600 አካባቢ የሣለው ቅርጫት ላይ ፖሙን ትል በልቶታል ቅጠሉም ደርቋል፣ ታዲያ አዲሱ ነገር ምኑ ላይ ነው? ይልቅ ዕቃው የማን ነው፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዴት መጣ ብላችሁ ብትነሱ ይሻላል። የ1600ዎቹ ሆላንዳዊ ሰዓሊ ካልፍ የቻይና ፖርሴሊን ሳህኑን ሲያብለጨልጨው ጉድ ነው፣ ግን መርከብ ላይ ማን እንደጫነው ሥዕሉ ትንፍሽ አይልም። ማት ኮሊሾው ደግሞ በ2011 ቴክሳስ ውስጥ ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች ያዘዙትን የመጨረሻ ምግብ ልክ እንደ ሆላንዶቹ ሥዕል ጨለማ ውስጥ ብርሃን ጥሎበት ፎቶ አነሳው። የምታየው ምግብ ብቻ ነው፣ ግን ሆድህን ባር ባር ይለዋል።

ግድግዳ_ጠባቂ፦
ፍልስፍናውን ለናንተ ትቼ አንድ ነገር ልበል፣ እውነተኛ ፍራፍሬ የምታስገቡ ከሆነ ከቦታው ባለቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ትንኙም ሽታውም ቀልድ አይደለም። ደግሞ ሲበላሽ ይቀየራል ወይስ ይተዋል የሚለውን አርቲስቱ በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ ምክንያቱም ሥራውን የሚለየው እሱ ነው። ዞዪ ሊዮናርድ በ1990ዎቹ የፍራፍሬ ልጣጭ በክር፣ በዚፕና በቁልፍ ሰፍታ ነበር፣ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ባለሙያ አግኝታ ሲሠራላት አይታ በቃ ይበስብስ ብላ ተወችው፣ የፊላደልፊያው ሙዚየምም እንደዛው ገዛት። አርቲስቱ ካቴላን ግድግዳ ላይ በቴፕ የለጠፈው ሙዝ ግን ግልባጩ ነው፣ በ2024 በ6.2 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ሰርተፊኬቱና የአሰቃቀል መመሪያው እንጂ ሙዙማ በየጊዜው ይቀየራል።

ሸራ_ወጣሪ፦
ኧረ ተባረኩ! "ዕቃው የማን ነው" የሚለው በጣም ገባኝ። ግን ሁለቱ ልጆች በዘይት ቀለም ብቻ ነው የሚሠሩት፣ ከቪዲዮ ጋር ሲሆኑ አይዋጡም?

ጥላ_ሰብሳቢ፦
ለብቻ ክፍል ከሰጠሃቸው ነው የሚዋጡት። ሉቭር በ2022 ትልቅ የስቲል ላይፍ ኤግዚቢሽን ሲያሳይ የጥንቱንና የዛሬውን አደባልቆ በጭብጥ ነበር የሰቀለው፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ። ቪዲዮው ድምፅ ካለው ግን በሄድፎን ይሁን፣ ዘይት ቀለም ፊት ቆሞ የሰው ጫጫታ መስማት ያስጠላል።